«ሲስተም የለም» ከተባለ በኋላ፦ የመንግሥት የሳይበር ደኅንነት መዝገብ ይጠየቃል ወይ?

ጥያቄ፦ የተከበሩ የዓምዱ አዘጋጅ፤ እኔ ከአጋሮና ከጌራ ቡና ለሚሰበስብ አቅራቢ ሒሳብ የምሠራ፣ ጅማ ሄርማታ የምኖር ሰው ነኝ። ባለፈው ክረምት አንድ ሰነድ ለማረጋገጥ ወደ አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ስመላለስ አምስት ቀን ሙሉ «ሲስተም የለም» ተባልኩ። መስኮቱ ላይ ይኸው ቃል በእጅ ተጽፎ በፕላስተር ተለጥፏል። በስድስተኛው ቀን ሥራ ተጀመረ፤ ነገር ግን ቀደም ብለን ያስገባነው ሰነድ ጠፍቶ እንደ አዲስ እንድናስገባ ታዘዝን። ሠራተኞቹ እርስ በርሳቸው «ተጠልፎ ነው» ሲባባሉ ሰማሁ። ኃላፊውን ስጠይቅ ግን «የደኅንነት ጉዳይ ነው፤ አይነገርም» አሉኝ። የሆነውን የማወቅ መብት አለኝ? ካለኝስ ምን ብዬ ልጻፍ?

መልስ፦ መብቱ አለዎት። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 29 የሕዝብን ጥቅም የሚመለከት መረጃ የማግኘትን መብት ያውቃል። የአሠራሩ ዝርዝር ያለው ደግሞ በመገናኛ ብዙኃንና የመረጃ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 590/2000 ውስጥ ነው። በ2013 ዓ.ም. አዲሱ የመገናኛ ብዙኃን አዋጅ ቁጥር 1238 ሲወጣ አሮጌው አዋጅ ጨርሶ የተሻረ የመሰላቸው ብዙዎች ናቸው፤ የመረጃ ነፃነት ክፍሉ ግን ሥራ ላይ እንዳለ ነው። አዋጁ የፌዴራሉንም የክልሉንም መሥሪያ ቤት ይይዛል። ጥያቄው የሚቀርበው ለመሥሪያ ቤቱ የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊ ሲሆን፣ መልሱ በ30 ቀን ውስጥ መሰጠት አለበት።

«የደኅንነት ጉዳይ ነው» የሚለው መልስ ከባዶ የመጣ አይደለም። አዋጁ የአገር መከላከያንና ደኅንነትን፣ የሰውና የንብረት ደኅንነትን፣ የወንጀል ምርመራንና የሌላ ሰውን የግል ጉዳይ የሚመለከቱ መረጃዎችን ለይቶ አስቀምጧል፤ እነዚህን በእነዚህ ምክንያቶች መከልከል ይቻላል። ይሁን እንጂ ክልከላው መረጃው ቢወጣ ሊደርስ ከሚችለው ጉዳት ጋር የተያያዘ ነው እንጂ፣ «ደኅንነት» የሚለው ቃል የተነሣበትን ፋይል ሁሉ ከነሽፋኑ የሚቆልፍ አይደለም። የሰርቨሩ አድራሻ፣ የይለፍ ቃሉ፣ የኔትወርኩ አዘረጋግ፣ ገና ያልተደፈነው ቀዳዳ ቢነገር ነገ ሌላ ሰው ይገባበታል፤ ይህን መከልከል ተገቢ ነው፣ እርስዎም ባይጠይቁት ይሻላል። አገልግሎቱ የተቋረጠው ከየትኛው ቀን እስከ የትኛው ቀን ነው? የስንት ባለጉዳይ ሰነድ ጠፋ? ቅጂ፣ ሰዎች ባክአፕ የሚሉት፣ ነበረ ወይስ አልነበረም? ከዚያ ወዲህስ ምን ተስተካከለ? የሚሉት ግን ለማንም ሰርጎ ገብ መንገድ የማያሳዩ፣ ለእርስዎ ግን የሥራዎ ጉዳይ የሆኑ ነገሮች ናቸው።

አንድ ነገር ልብ ይበሉልኝ፤ ከዚህ ሁሉ ዋነኛው ይህ ይመስለኛልና። የደረሰው ነገር ከሁለት አንዱ ነው። የኮምፒውተር ጥቃት ከሆነ መሥሪያ ቤቱ ዝም ብሎ ሊያልፈው አይችልም፤ የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 እንዲህ ያለ ወንጀል መፈጸሙን ያወቀ የመንግሥት አካል ለኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት አስተዳደር እንዲያሳውቅና ለፖሊስ እንዲያመለክት ያስገድዳል። የሰዎች የግል መረጃ ተነክቶ ከሆነም የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ጥሰቱ በ72 ሰዓት ውስጥ ለተቆጣጣሪው ባለሥልጣን እንዲነገር ይላል። ስለዚህ ደብዳቤ ተጽፏል ማለት ነው፤ ደብዳቤ ካለ ደግሞ ቀንና ቁጥር አለው፣ በወጪ መዝገብ ላይም ሰፍሯል። ጥቃት ካልሆነና ማሽን ተበላሽቶ ወይም መብራት ጠፍቶ ከሆነ ደግሞ ነገሩ የጥገና ጉዳይ ነው፤ «የደኅንነት ጉዳይ ነው» ሊባል አይችልም። እርስዎ ሁለቱንም በአንድ ደብዳቤ መጠየቅ ይችላሉ፤ በየትኛውም በኩል ቢመልሱልዎ መልስ ነው።

የሁለቱን ልዩነት መለየት ለባለጉዳይ ምን ይጠቅመዋል የሚል ካለ፣ የመጋቢት 2016 ዓ.ም.ን ነገር ያስታውስ። ለመጋቢት 7 አጥቢያ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተም ሲታወክ ደንበኞች በሒሳባቸው ከነበራቸው ገንዘብ በላይ ማውጣት ችለው ነበር፤ ወሬው በየዩኒቨርሲቲው ግቢ ሲዛመት እኛው ጅማ ያሉ ተማሪዎች ጋም ደርሷል። በማግሥቱ ሁሉም «ባንኩ ተጠለፈ» ሲል፣ ባንኩ ችግሩ ከራሱ የሲስተም ሥራ የመጣ እንጂ የሳይበር ጥቃት እንዳልሆነ አስታወቀ። ያ መግለጫ ባይወጣ ኖሮ ገንዘቡን ያስቀመጠ ሰው ሁሉ ሌባ ገብቷል ብሎ ይሸበር ነበር።

ወደ አጻጻፉ ልምጣ። ደብዳቤዎ አጭር ይሁን፤ ቀኖቹን በትክክል ይጥቀስ። ይህን የመሰለ ቃል ይበቃል፦ «ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን ድረስ በመሥሪያ ቤቱ የኮምፒውተር አገልግሎት የተቋረጠበትን ምክንያት የሚገልጽ ሪፖርት ወይም ቃለ ጉባኤ፣ አገልግሎቱ የተመለሰበትን ቀንና ሰዓት፣ የጠፉ ሰነዶችን ብዛት፣ ጉዳዩ ለሚመለከተው አካል ተገልጾ እንደሆነ የደብዳቤውን ቀንና ቁጥር፣ እንዲሁም ከዚያ በኋላ የተወሰደውን የማስተካከያ እርምጃ የሚያሳይ ሰነድ ቅጂ እንዲሰጠኝ እጠይቃለሁ። በሰነዱ ውስጥ የይለፍ ቃል፣ የኔትወርክ ዝርዝር ወይም የሠራተኞች ስም ቢኖር ያ ክፍል ተሰርዞ የቀረው ይሰጠኝ።» የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር እንዳይተዉት አደራ። ብዙ ጊዜ ሙሉው ሰነድ የሚከለከለው በውስጡ ባሉ ሁለት መስመሮች ምክንያት ነው፤ እርስዎ ቀድመው እነዚያን ሁለት መስመሮች ሲተዉላቸው የቀረውን ለመያዝ ምክንያት ያጣሉ።

ጉዳይዎ ከክልል ወይም ከከተማ መሥሪያ ቤት ጋር ከሆነ ደብዳቤውን በአፋን ኦሮሞ ይጻፉት፤ የሥራ ቋንቋው እሱ ነውና «ተተርጉሞ ይምጣ» በሚል ቀን አይጠፋብዎትም። ከፌዴራል መሥሪያ ቤት ቅርንጫፍ ጋር ከሆነ በአማርኛ ይበቃል።

ደብዳቤውን በሁለት ቅጂ ይዘው ይሂዱ። ይህን የምለው ከደረሰብኝ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት እኔም በዚችው ከተማ ለአንድ መሥሪያ ቤት ተመሳሳይ ጥያቄ ጽፌ በቀና ልብ ለጸሐፊዋ ሰጥቼ ተመለስኩ። ወሩ ሲሞላ ስሄድ «እንዲህ ያለ ደብዳቤ አልገባም» ተባልኩ፤ መዝገቡ ተገልብጦ ታየ፣ በእርግጥም የለም። ሁለተኛውን ስጽፍ መዝገብ ቤት ሄጄ የገቢ ቁጥር አሰጠሁት፤ በእጄ ያስቀረሁት ቅጂ ላይም ያው ቁጥር ተጽፎ፣ ቀኑ ሰፍሮ ክብ ማህተሙ ሲያርፍበት እስካይ ከመስኮቱ አልተነቃነቅሁም። ከዚያ በኋላ 30 ቀኑ ከየት እንደሚቆጠር ያከራከረኝ ሰው የለም፤ መልሱም ያለ ሌላ ምልልስ መጣ። ያቺ ክብ ማህተም ያረፈችበት ወረቀት ከሌለችዎ ቀጥሎ የሚመጣው ይግባኝ መቆሚያ የለውም።

ቢከለክሉዎ ክልከላው በጽሑፍ፣ ከነምክንያቱ ይሁን ይበሉ። ከዚያ በመጀመሪያ ለመሥሪያ ቤቱ የበላይ ኃላፊ፣ ቀጥሎ ለኢትዮጵያ ሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም፣ እሱም ካልሆነ ለፍርድ ቤት ያመለክታሉ። እንባ ጠባቂው በ1992 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 211 የተቋቋመ ሲሆን፣ የመረጃ ነፃነት አዋጁን አፈጻጸም የመከታተል ኃላፊነትም የእሱ ነው።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። በጅማ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ተማሪ ነኝ። የመመረቂያ ጽሑፌን በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የሳይበር ደኅንነት ላይ ልሠራ አስቤያለሁ። በሌላ አገር በመረጃ ጥያቄ የወጡ ሰነዶች ምን ይመስላሉ? ሰነድ ካጣሁስ የመሥሪያ ቤቶቹን ድረ ገጽ ራሴ ፈትሼ ድክመታቸውን ማሳየት እችላለሁ?

መልስ፦ እኅቴ፣ ከሁለተኛው ጥያቄሽ ልጀምር፤ ስሕተቱ ዋጋ ያስከፍላልና። አይቻልም። ያለ ፈቃድ ወደ ኮምፒውተር ሥርዓት መግባት በአዋጅ 958/2008 ወንጀል ነው። መነሻው እስከ ሦስት ዓመት ቀላል እስራት ወይም የገንዘብ መቀጮ ሲሆን፣ ሥርዓቱ ቁልፍ የመሠረተ ልማት ከሆነ ከ5 እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት ድረስ ያስቀጣል። «ለጥናት ነው» ማለት ፈቃድ አይሆንም። መፈተሽ ከፈለግሽ ከመሥሪያ ቤቱ የተጻፈና ማህተም ያለው ፈቃድ በአማካሪሽ በኩል ይምጣ፤ እሱ ካልተገኘ በወረቀት ላይ ብቻ ሥሪ።

በወረቀት ላይ ደግሞ የሚሠራ ብዙ አለ። የአሜሪካ የመረጃ ነፃነት ሕግ በፈረንጆች 1966 የወጣ ሲሆን፣ የአገሪቱ ጋዜጠኞችና ተመራማሪዎች የሳይበር ሰነዶችን የሚጠይቁት በእሱ ነው። ከዚያ የወጣ አንድ ታሪክ ልንገርሽ፤ ለጠያቂ ሁሉ ትምህርት አለበት። በ2014 በፈረንጆች አንድ ጠያቂ ለአገር ውስጥ ደኅንነት ሚኒስቴራቸው «ኦፕሬሽን አውሮራ» ስለተባለው ጉዳይ ሰነድ እንዲሰጠው ጻፈ። የፈለገው በ2010 መጀመሪያ ይፋ የሆነውን፣ ጉግልንና ሌሎች ኩባንያዎችን የመታውን ጥቃት ነበር። የተላከለት ግን «አውሮራ» ስለሚባል ሌላ ነገር የሚናገር ከ800 በላይ ገጽ ነው። ያኛው አውሮራ በ2007 በአይዳሆ ብሔራዊ ላቦራቶሪ የተደረገ ሙከራ ሲሆን፣ በኮምፒውተር ትእዛዝ ብቻ የአንድ ትልቅ የናፍጣ ጄኔሬተር ማብሪያና ማጥፊያ ያለ ጊዜው እየተከፈተና እየተዘጋ፣ ማሽኑ እስኪንቀጠቀጥና እስኪጨስ ድረስ የተበላሸበት ነው። ሁለቱን የሚያገናኛቸው ስማቸው ብቻ ነው። ጠያቂው ያልጠየቀው ሰነድ ወጣ፤ በውስጡም ስለ ኤሌክትሪክና ስለ ሌሎች መሠረተ ልማቶች ይፋ መሆን ያልነበረበት ዝርዝር ነበረበት። ስለዚህ በደብዳቤሽ ላይ የጉዳዩን ስም ብቻ አትጻፊ፤ ዓመቱን፣ የተፈጸመበትን ቦታና የነካውን ክፍል ጨምሪ። ለአንቺም ለሰጪውም ይበጃል።

ሳይጠየቅ የወጣም አለ፤ ለጥናት ሲሆን ከሁሉ የሚበልጠው እሱ ነው። በግንቦት 2017 በፈረንጆች ዋናክራይ የተባለው ቫይረስ የእንግሊዝን ሆስፒታሎች ሲመታ፣ የአገሪቱ ዋና ኦዲት መሥሪያ ቤት በዚያው ዓመት ጥቅምት ላይ ሪፖርቱን ለሕዝብ አወጣ። ከ236 የሆስፒታል አስተዳደሮች ቢያንስ 81ዱ እንደተነኩ፣ 6,912 ቀጠሮዎች እንደተሰረዙ፣ ማስጠንቀቂያውም ከጥቃቱ በፊት በመጋቢትና በሚያዝያ ተልኮ እንደነበር ይናገራል። እኔን ያስገረመኝ ግን ሌላ መስመር ነው፤ ከጥቃቱ በፊት 88ቱ አስተዳደሮች በቦታው ተገኝተው ተፈትሸው አንዳቸውም አላለፉም ነበር። ያ የፍተሻ ውጤት ቀደም ብሎ በሰው እጅ ቢሆን፣ «ለምን አልተስተካከለም?» የሚል ጥያቄ ከጥቃቱ በፊት በተነሣ ነበር። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም እንዲሉ።

የአየርላንድም አለልሽ። በ2021 በፈረንጆች የአገሪቱ የጤና አገልግሎት ሲጠቃ ሐኪሞቹ ለሳምንታት በእስክርቢቶና በወረቀት ሠርተዋል። ተቋሙ በውጭ ባለሙያዎች ያስጠናውን ሪፖርት በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ላይ ራሱ ለሕዝብ አወጣው። አንድ ሠራተኛ በኢሜይል የመጣ የኤክሴል ፋይል መጋቢት 18 ቀን ከፈተ፤ ጥቃቱ የፈነዳው ግንቦት 14 ቀን ነው። በመካከሉ ስምንት ሳምንት አለፈ። ፀረ ቫይረሱ አደገኛ ነገር አይቶ ነበር፤ ይሁን እንጂ እንዲመለከት እንጂ እንዲያግድ አልታዘዘም ነበርና ዝም አለ። ይህ ሁሉ ሲወጣ የተቋሙ ሰርቨር አድራሻ አልወጣም፤ ፋይሉን የከፈተው ሰው ስምም አልወጣም። ለጽሑፍሽ መለኪያ የምትፈልጊ ከሆነ ይህን ሪፖርት መለኪያ አድርጊው፤ ስንቱ ሊነገር እንደሚችል ያሳያል።

ከጎረቤቶቻችን ኬንያ በፈረንጆች 2016 የወጣ የመረጃ ሕግ አላት፤ መልስ መስጫው 21 ቀን ነው። ከእኛው ጋር ለማወዳደር ይጠቅምሻል።

ጥያቄ፦ እኔ ደግሞ በማዶ በኩል የተቀመጥኩ ነኝ፤ ጅማ ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት በሕዝብ ግንኙነት ሥራ ላይ አለሁ። እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲመጣ የምፈራው ሕጉን አይደለም፤ ተሳስቼ መውጣት የሌለበትን እንዳላወጣ ነው። ኃላፊዎቼም ይህንኑ ስለሚፈሩ «ከልክለው» ይሉኛል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ፍርሃትዎ ትክክል ነው፤ እንዲያውም የደረሰ ነገር ነው። በነሐሴ 2023 በፈረንጆች አንድ ሰው ለሰሜን አየርላንድ ፖሊስ በመረጃ ነፃነት ሕጋቸው መሠረት ቀላል ጥያቄ አቀረበ፤ በየማዕረጉ ስንት ፖሊስ አለ የሚል ነው። መልሱ በኤክሴል ተሠራ። የሚታዩት ገጾች ተሰርዘው ቁጥሮቹ ብቻ ቀሩ፤ ነገር ግን ከሥር አንድ የተደበቀ ገጽ ቀርቶ ነበር። እዚያ ውስጥ የ9,483 ፖሊሶችና ሠራተኞች የቤተሰብ ስም፣ የስም መነሻ ፊደል፣ ማዕረግና የሥራ ቦታ ተዘርዝሯል። ፖሊስ መሆን ብቻውን ሕይወት ሊያስከፍል በሚችልበት አገር ፋይሉ ከሁለት ሰዓት በላይ ለማንም ክፍት ሆኖ ቆየ። በቀጣዩ ዓመት የመረጃ ጥበቃ ተቆጣጣሪው 750,000 ፓውንድ ቀጣቸው።

ከዚህ ታሪክ «ስለዚህ መከልከል ይሻላል» የሚል ሐሳብ የሚያወጣ ኃላፊ ካለ፣ ጥያቄው ራሱ ምንም ጥፋት እንዳልነበረበት ያስረዱት። ጥፋቱ ያለው በፋይሉ ዓይነት ላይ ነው። ስለዚህ ኤክሴሉን እንዳለ አይላኩ፤ የተጠየቀውን ቁጥር ብቻ በባዶ ወረቀት ላይ እንደ አዲስ ይጻፉት። በኮምፒውተር ላይ ጽሑፍን በጥቁር ሳጥን መሸፈንም አይበቃም፤ ብዙ ጊዜ ከሥር ያለው ፊደል ሳይነካ ስለሚቀር፣ ተቀባዩ ገልብጦ ሌላ ቦታ ሲለጥፈው ይነበባል። እንደኛ ባለ መሥሪያ ቤት አስተማማኙ መንገድ የድሮው ነው፤ ሰነዱን ያትሙ፣ መውጣት የሌለበትን በወፍራም ጥቁር ማርከር ያጥፉ። ከዚያ ወረቀቱን ወደ መስኮቱ ብርሃን አንሥተው ይዩት፤ የማርከሩ ቀለም ስስ ከሆነ ፊደሉ ከጀርባ ጎልቶ ይታያል። ለዚህ ነው ያጠፉትን ወረቀት ራሱን መስጠት የማይገባው፤ ፎቶ ኮፒ ያንሡትና ኮፒውን ይስጡ፣ በኢሜይል ከሆነም ኮፒውን ስካን ያድርጉ።

ማጥፋት ያለብዎትን ለመለየት አንድ ጥያቄ ለአይ ቲ ባለሙያው ያቅርቡለት፤ «ይህን መስመር ያነበበ ሰው ዛሬ በእኛ ሲስተም ላይ ከትናንት የበለጠ ምን ማድረግ ይችላል?» ይበሉት። የሚያስችለው ነገር ካለ ያጥፉት። የሚያሳፍረን እንጂ ምንም የማያስችል ከሆነ፣ ለምሳሌ ባክአፕ ለሰባት ወር ሳይወሰድ መቆየቱ ወይም የተበላሸው ማሽን ለመጠገን ያልተፈቀደበት ደብዳቤ፣ ያ መውጣት ያለበት ነው። እፍረትን ከአደጋ መለየት ለእርስዎ ሥራ ከሁሉ ከባዱ ክፍል ይመስለኛል፤ ከላይ የጻፈልን የቡና ሒሳብ ሠራተኛ «አይነገርም» የተባለውም ይህ ልዩነት ሳይለይ ቀርቶ ይመስለኛል።

ለኃላፊዎ ደግሞ ያጠፉትን እያንዳንዱን መስመርና ያጠፉበትን የአዋጁን አንቀጽ በአንድ ገጽ ጽፈው ያቅርቡላቸው። «እንስጥ ወይስ እንከልክል?» ብለው ሲጠይቋቸው ፈርተው ይከለክላሉ፤ «እነዚህ አራት መስመሮች ጠፍተዋል፤ የቀረው ይሰጥ» ሲሏቸው ግን የሚፈርሙበት ነገር ይኖራቸዋል። ጠያቂውም የተሰረዘበትን ምክንያት ካላየ ሁሉም ነገር የተደበቀበት ይመስለዋልና ያቺን ገጽ ከመልሱ ጋር አያይዙለት። ከሰጡትም አንድ ኮፒ መዝገብ ቤት ያስቀምጡ፤ ያንኑ ጉዳይ የሚጠይቅ ሌላ ባለጉዳይ ሲመጣ እንደገና ወር ሳይጠብቅ በዚያው ቀን ይዞ ይሄዳል።